እናንተ የምትሸሹት ጨረር

ጥቅምት 12

ለምትናፍቂኝ የአክስቴ ልጅ፣ ለቀጮ፦

እንደምን ከርመሻል? እናቴስ እንደምን አለችልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ሰውነቴም ልቤም ደህና ነው። እናንተንም በያላችሁበት ከክፉ ይሰውራችሁ።

ወሬዬን ላስቀድም። ቋሚ ሆኜ ተቀጠርኩ! የት እንደሆነ ስነግርሽ አንቺ አትደነግጪም፤ ያንቺም እንጀራ ከጨረር ነው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው። ሥራዬ ያው የቧንቧ ሥራ ነው፤ ማመንጫው ለጥገና ሲቆም ገብተን ያረጀ ቫልቭ እናወጣለን፣ አዲስ እንገጥማለን። ጎረቤቶቿ «ልጅሽ ቦምብ ቤት ገባ» ብለው እናቴን ሳያስለቅሷት በፊት የሚከተለውን አንብቢላት።

«እማዬ፣ እኔ ያለሁበት ቤት በጣም ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው። ሰው ውሃ የሚያፈላው በእንጨት ወይ በጋዝ ነው፤ እኛ የምናፈላው ዩራኒየም በሚባል ማዕድን ነው። ማዕድኑ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። አንዷ ቅንጣት በሌላ ከእሷ ባነሰች ስትመታ ለሁለት ትሰነጠቃለች። ስትሰነጠቅ ሙቀት ትለቃለች፣ ጥቂት ፍንጣሪም ትረጫለች፤ ፍንጣሪው ደግሞ ጎረቤቷን ይሰነጥቃል፤ ያቺም የሷን ጎረቤት። ቦምብ የሚባለው ይህ ሁሉ ባንድ ቅጽበት ሲሆን ነው። እኛ ጋ ግን ፍንጣሪውን የሚውጡ ዘንጎች አሉ። ዘንጎቹን ዝቅ ሲያደርጓቸው እሳቱ ይበርዳል፣ ከፍ ሲያደርጓቸው ይሞቃል። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ትልቅ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ መብራት ይሰጣል። በቃ ይኸው ነው።

ጥንቃቄውን ብታይ ደግሞ ትስቂ ነበር። ቱታ በቱታ ላይ፣ ጓንት በጓንት ላይ እንለብሳለን። ደረታችን ላይ የጨረር መለኪያ አለ፤ የቀኑ ልክ ሲሞላ አለቃው 'ውጣ!' ይለኛል፣ ሥራው ባያልቅም እንደ ሌባ ሮጬ እወጣለሁ። ስንወጣ መፈተሻ ላይ ያቆሙናል። ባለፈው ሳምንት ጫማዬ ላይ ጮኸብኝ። አውልቀው በርሜል ውስጥ ከተቱትና ሊቀብሩት ወሰዱት። የሚቀበር ጫማ ያለው ልጅ ወለድሽ እኮ!»

እዚህ ላይ እንድትስቅ አድርጊ፤ እንደኔ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢላት።

ቀጮ፣ አንድ ነገር ግን። በፊት እናቴ ከደብዳቤሽ ግርጌ የራሷን ቃል ታስጽፍ ነበር። ያለፉት ሁለቱ ላይ የለም። ተኮራርፋችሁ ነው?

የሁልጊዜ ወንድምሽ
ሻለቃ


ኅዳር 20

ለወንድሜ ለሻለቃ፦

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ በሥራህም ሞገስ ይሁንህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

በሥራህ ደስ አለን። አክስቴን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። ማንቆርቆሪያው ላይ ሳቀች። ጫማው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ደግሜ እንዳነብ አዘዘችኝ። «ለምን ቀበሩት?» አለችኝ። አስረዳኋት። «ማጠብ አይቻልም?» አለች። እንደገና አስረዳኋት። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ክዳን ከፍታ ዘጋችና ሌላ ወሬ ጀመረች። ደህና ናት፣ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ። የመስከረሙን የተማሪዎች ዩኒፎርም ካስረከበች ወዲህ ሌላ መቀበል ትታለች፤ ዓይኔም ደክሟል ትላለች። አልተኮራረፍንም።

እኔ ያው የሆስፒታሉ ምድር ቤት ነኝ። ካንሰር በጨረር የምናክምበት የኮባልት ማሽናችን ልክ እንደ ሽማግሌ ሆኗል፤ ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ኮባልት በየአምስት ዓመቱ ጉልበቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ታውቃለህ፤ የኛው ከገባ ስንት ዘመኑ። በፊት ሦስት በሽተኛ ገብቶ በሚወጣበት ጊዜ አሁን አንዱ አይጨርስም እንባባላለን። ኮሪደሩ ሞልቷል። ከሩቅ የመጡ ሴቶች ካርቶን አንጥፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አዲስ ኮባልት ታዟል ይሉናል፤ የጭነት መርከብ ሁሉ ያንን ዓይነት ዕቃ አልጭንም ብሏል ደግሞ ይሉናል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሰውን የሚጎዳው ጨረር እንዴት መድኃኒትም እንደሚሆን ቀለል ባለ ቋንቋ ጻፍልኝ። ለበሽተኞቼ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንዲገባት አድርገህ ጻፈው። እኔ ስናገር የሐኪም ቤት ቋንቋ ይሆንብኛል፤ አንተ ግን ስትናገር ሰው ይሰማሃል።

ስልክ አትደውል። ያለው ጎረቤት ቤት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል።

እህትህ
ቀጮ


ጥር 4

ለውዷ ቀጮ፦

ጤናሽ እንዴት ነው? በዓመቱ ሁሉ ደስታ አይለይሽ። ደብዳቤሽ ፖስታ ቤት ተኝቶ ከርሞ ገና ትናንት ደረሰኝ።

በጨረር የተመረቅሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው ቧንቧ ሠራተኛ! ይሁን፣ ካዘዝሽኝ። ለበሽተኞችሽ እንዲህ በያቸው። ኮባልት ተራ ብረት ነው። እኛ ጋ ከዘንጎቹ ጋር እሳቱ መካከል ይገባል፣ ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ፍንጣሪውን ይጠጣል። ሲወጣ ሌላ ፍጥረት ሆኗል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከላይ ሆነሽ ስታይው ውሃው ሰማያዊ ይበራል፣ የሚያምር ነገር ነው። ውሃው ባይኖር ግን እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ምሳውን አይበላም። ከዚያ የወጣው ነው በወፍራም እርሳስ ታሽጎ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው። ክፉውን ሥጋ ይገድላል፣ ደጉን ይተዋል። እናንተ እዚያ ሰው ታስተኙበታላችሁ፣ እኛ እዚህ እንሸሸዋለን፤ ዓለም እንዲህ ናት!

እናቴ አሁንም አልጻፈችም። አንቺ ስለ ማሽኑ ገጽ ሙሉ ትጽፊና ስለ እሷ «ወገቧን ትንሽ» ብለሽ ታልፊያለሽ። የማውቃት እናቴ ወገቧ ተሰብሮም ቢሆን ዩኒፎርም አትተውም። እውነቱን ንገሪኝ።

ሻለቃ


የካቲት 28

ለወንድሜ፦

ፈጣሪ ልብህን ያጽናው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አክስቴ ታማለች። ማህፀኗ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ነው ደም የጀመራት፤ ለኔ ያሳወቀችኝ ግን ዩኒፎርም ለተማሪዎች ካስረከበች በኋላ ነው። «አሁን ምን ይሉኛል፣ ልጆቹ ራቁታቸውን ይግቡ?» ብላኝ እርፍ። ሐኪሙ የቀዶ ጥገናው ጊዜ አልፏል፣ የሚበጀው ጨረር ነው አለ። እኔ የምሠራበት ማሽን ማለት ነው። ላንተ እንዳልነግር በእናቴ መቃብር አስምላኛለች። «በሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ምን ያድርግ? ሥራውን ትቶ ቢመጣስ?» ትላለች። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ኅዳር ላይ ተራዋ ደርሶ ነበር፣ አልገባችም። ሁለተኛ ተራ አስያዝኳት፤ ያን ቀን ከቤት አስነስቼ እስከ በሩ ወስጃት፣ ልብሷን ለውጣ ስትጨርስ አልጋውንና ከላዩ ያለውን የማሽኑን ጭንቅላት አየችና መልሳ ቀሚሷን ለበሰች። ትፈራለች። ከምን የተነሳ እንደሆነ አትጠይቀኝ። የሰፈሩ ሰው ብዙ ያወራል። እኔ ስነግራት «አንቺማ ሥራሽ ነው፣ እንዲህ ማለትሽ አይቀርም» ትለኛለች።

ያለፈውን ደብዳቤህን አላነበብኩላትም።

አንተ ጻፍላት። ለኔ ሳይሆን ለእሷ። ቀልድ አይኑርበት። ገንዘብ አትላክ፣ የጎደለው እሱ አይደለም።

ቀጮ


መጋቢት 17

ቀጮ፣

ደሜ እየፈላ ነው የምጽፈው። ክረምቱን ሙሉ፣ በጋውን ሙሉ! እኔ እዚህ ስለ ጫማ ስቀልድ አንቺ እዚያ ዝም! ወንድም ነኝ ወይስ ምንድን ነኝ? በኋላ እንነጋገራለን።

ለሁለት ቀን ሥራ ላይ ሆኜ አሰብኩት። የሰፈር ሰው አይደለም ያስፈራት። ገብቶኛል። አንቺም አውቀሽ ነው የተውሽልኝ።

ይህን አንብቢላት፤ ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብለሽ።

«እማዬ፣ እግርሽን ስሜያለሁ። መታመምሽን ሰማሁ። ቀጮን አትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኳት።

ስለ ጫማው የጻፍኩልሽን እርሽው ብልሽ እንደማትረሽው አውቃለሁ። ስለዚህ ላስረዳሽ። ልጅ ሆኜ መርፌሽን መሬት ጥለሽ ስታጪ ቤቱን ታገለብጪው ነበር። ጫማ ሳናደርግ እንዳንራመድ ታስቆሚን ነበር። ያንኑ መርፌ ግን ካገኘሽው በኋላ ቀኑን ሙሉ በጣቶችሽ ይዘሽ ትውያለሽ፤ ማንም አይፈራውም። የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሻ። እኛ እዚህ የምንፈራው የጠፋውን መርፌ ነው። ቧንቧ ውስጥ ያመለጠ፣ አቧራ ላይ ያረፈ፣ ጫማ ላይ የተለጠፈ። እዚያ ሆስፒታል ያለው ግን ክር የገባለት፣ ቀጮ በእጇ የያዘችው መርፌ ነው። የሚወጋውም የተወሰነለትን ቦታ ብቻ ነው። ሲበቃው ወደ ቤቱ ይገባል። ካንቺ ጋር ወደ ቤትሽ አይመጣም፣ ልብስሽ ላይ አይቀርም፣ የሚቀበር ነገር የለውም።

ያደክምሻል፣ ሆድሽን ያገላብጠዋል፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ጨረሩ እኔ ከቆምኩበት ቤት ነው የሚወጣው። ልጅሽ ባያምንበት ተኚበት አይልሽም። እማዬ፣ ግቢ። በኔ ሞት ግቢ።»

ሻለቃ


ግንቦት 9

ለወንድሜ ለሻለቃ፦

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ሁሉን ለበጎ ያድርገው።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። መርፌው ጋ ስደርስ «ይኼ ልጅ!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማታ ላይ እንደገና አስነበበችኝ። በማግስቱ ቀድማኝ ተነስታ፣ ፀጉሯን ተበጥራ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «በሞቱ አስምሎኛል እኮ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ገባች። መጀመሪያዎቹን ቀናት ዓይኗን ጨፍና እጄን አትልቀቂኝ ትል ነበር፤ ከዚያ እሷው እኔን «ሂጂ ውጪ፣ ሰዓትሽ ደረሰ» ትለኝ ጀመር። ኮሪደሩ ላይ ካሉት ሴቶች ጋር ተዋወቀች። ለሚፈሩት መርፌህን ታስረዳለች፤ እንዲያውም ካንተ አሳምራ ታስረዳው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደሙ ቀነሰ። ርቧት ምግብ ጠየቀችኝ። እኔ ይህን ልጽፍልህ ወረቀት ገዝቼ ነበር።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ሁለታችንም በሕይወት አለን።

ማክሰኞ ዕለት አስተኝቻት፣ አስተካክያት፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ኮባልቱ ያለባት ጣት የምታህል እንክብል ናት፤ ስንጀምር ከእርሳስ ጎጆዋ ወጥታ በማሽኑ ጭንቅላት መስኮት ላይ ትቆማለች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የአየር ግፊት መልሶ ያስገባታል። ሰዓቱ አለቀ። ቀዩ መብራት መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። የአደጋ ማቆሚያውን ተጫንኩ፤ ደግሜ ተጫንኩ። መብራቱ ቀይ ነው። እንክብሏ መሐል መንገድ ላይ ተወትፋ ቀርታለች።

በማይክሮፎኑ «አክስቴ፣ በቀኝ በኩል ተንሸራተሽ ውረጂ!» አልኳት። «አልጋው ከፍ ብሏል ልጄ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ» አለች። ረጋ ብላ ነው፤ አላወቀችም።

ገባሁ። እንዴት እንደሚገባ ተምረናል፤ ከጨረሩ ፊት ሳትቆም፣ በጎን። እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። አልጋውን ስቤ ከማሽኑ ሥር አወጣሁት፣ አቅፌ አውጥቼያት በሩን በእግሬ ዘጋሁት። እንደ ሕፃን ቀልላለች። ኮሪደር ላይ ስናርፍ ፊቴን አየች። ላብ አጥምቆኛል።

«የማይጎዳ ከሆነ ምን አባሮሽ እንደዚያ ሮጥሽ?» አለችኝ።

በኋላ ነገርኳት፤ ላንቺ ከታሰበው ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ እኔም ብዙ አላገኘኝም፣ ማሽኑ ያረጀ ነው፣ ጉልበቱ የደከመ ነው አልኳት። አዳመጠችኝ።

ማሽኑ ታሽጓል። የሚጠግነው መሐንዲስ ከውጭ ነው የሚመጣው። አለቆቻችን ደግሞ ለደከመ ኮባልት ብለን ማሽኑን ከምናስጠግን አዲሱ እስኪመጣ ይቆይ ብለው ወስነዋል። የአክስቴ ሕክምና ገና አላለቀም ነበር። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ካርቶናቸውን ጠቅልለው ወደየመጡበት ሄዱ። ከመካከላቸው አንዷ ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጮ


ሰኔ 6

ቀጮ፦

ሌላ ማሽን የት አለ? ሌላ ከተማ? ጎረቤት አገር? ዶክተሩን ጠይቂው። እኔ ወደዚህ ላመጣት የመግቢያ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ «በሽተኛዋ የምትመለስበት ማረጋገጫ የለም» ብለው ከለከሉኝ። ማመንጫው ለጥገና ቆሟል፣ አሁን ከሄድኩ ሥራውም የመኖሪያ ፈቃዴም ያበቃል። አለቃዬን ለመንኩት። ጥገናው ሲያልቅ ሂድ አለኝ።

አዲሱን ኮባልትም ጠየቅኩ። ከኛ ጋ ወጥቷል። በእርሳስ ታሽጎ መጋዘን ውስጥ አለ፣ የሚጭነው ጠፍቶ ነው። በበሩ አጠገብ በየቀኑ አልፋለሁ።

የጀመረችው የጨረር ሕክምና አሁንም ይቀጠልላት ይሆን? ቆሞ ሲቆይ ምን ይሆናል? ኅዳር ላይ ጀምራ ቢሆንስ ኖሮ? ዶክተሩ ምን ይላል? ቶሎ ጻፊልኝ። ስለ እናቴ ሁሉንም ጻፊልኝ።

ሻለቃ


ነሐሴ 15

ለወንድሜ፦

ያጽናናህ። ከዚህ የተሻለ ሰላምታ የለኝም።

ቴሌግራሜ እንደደረሰህ አውቃለሁ። አክስቴ በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናብ ሲጥል ዋለና ወደ አመሻሹ ሲያባራ አረፈች። ሕመሙ በመጨረሻ በማስታገሻ፣ በሞርፊን፣ ይታገሥላት ነበር። ቀብሯን አዘግይተን ጠብቀንህ ነበር፤ መንገድ እንዳልተገኘ ሲገባን ቀበርናት። ስፌት ያስተማረቻቸው ሴቶች ሁሉ መጡ። ሆስፒታል የነበሩትም፣ መድረስ የቻሉት፣ መጡ።

ኅዳር ላይ ብትጀምር ኖሮ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ይህን አልመልስልህም። ዶክተሩም ስጠይቀው ካርዷን አጥፎ ሌላ በሽተኛ ጠራ።

ልትሰማው የሚገባ ሌላ ነገር ግን አለ። ማሽኑ ከቆመ በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት ስለ ራሷ ሕመም አንድ ቀን አላወራችም። ወሬዋ ሁሉ እኔ ነበርኩ። ከሥራ ስገባ እጄን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ታዞረዋለች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። «ይህቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?» ትላለች። ቢላ ነው እላታለሁ። ፀጉሬን በጣቶቿ እያበጠረች ስንት እንደተነቀለ ታያለች። ምግብ ሲቀርብ ቀድማ እኔን ታጎርሰኛለች፤ እኔ ካልዋጥኩ እሷ አትቀምስም። የደረቴ መለኪያ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አሳየኋት፤ ትንሽ ነው፣ ከሚፈቀደው በታች ነው አልኳት። «እነሱ የጻፉት ነው» አለችኝ።

ለመንኳት። ያንተን መርፌ ነገርኳት፤ እሷው ለሌሎች ስታስረዳው የነበረውን። «እሱ ያለው ክር የገባለት መርፌ ነው» አለችኝ፣ «ያን ዕለት ግን ወድቆ ነበር፤ አንቺ በባዶ እግርሽ ገባሽበት።»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኳትም።

ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ጎረቤታችንን አስጠርታ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ይህቺን ልጅ አደራ፤ በኔ የተነሳ ነው የታመመችው፤ ደህና ነኝ ብትል አትመኗት» አለቻት። የመጨረሻው ረጅም ንግግሯ ይኸው ነው። እኔን የገደለችኝ መስሏት ነው የሄደችው። ባለሙያ ነኝ እላለሁ፣ ስንት ሰው አሳምኜ አስተኝቻለሁ፤ እሷን ግን በሕይወት መኖሬን ማሳመን አቃተኝ።

ማሽኑ አሁንም እንደታሸገ ነው። በየቀኑ እሄዳለሁ። ለሚመጡት ሴቶች ገና ነው እላቸዋለሁ። ስፌት መኪናዋን ላስተማረቻት ልጅ ልስጥ ወይስ ላንተ ላቆየው?

ቀጮ


መስከረም 8

ለእህቴ ለቀጮ፦

የሐዘን ቀናት እንዴት አለፉልሽ? ብቻሽን የቆምሽበትን ሁሉ ፈጣሪ ይቁጠርልሽ። መኪናዋን ለልጅቷ ስጪያት።

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ የሰኔውን ደብዳቤዬን አስታወስኩ። እሳት ውስጥ ገብተሽ እናቴን አቅፈሽ ማውጣትሽን ጽፈሽልኝ፣ እኔ የመለስኩልሽ ስለ ማሽን፣ ስለ መርከብ፣ ስለ እናቴ ነው። አንቺ እንዴት ነሽ የሚል አንድ ቃል አልነበረበትም።

ለጨረር ቁጥጥር ባለሙያችን ነገርኩት። የኮባልቱን ዕድሜ፣ የክፍሉን ስፋት፣ የሮጥሽበትን ጊዜ በግምት ነገርኩት። ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ አሰላልኝ። እኔ በአንድ የጥገና ወቅት ከምቀበለው ያነሰ ነው አለኝ። ሒሳቡን እኔም አውቀዋለሁ፤ አብሬው ነው ያሰላሁት። ልክ ነው። ምንም አትሆኚም። ይህን እንደ ሠራተኛ ነው የምነግርሽ።

ግን ቀጮ፣ ደምሽን ተመርመሪ። በዚህ ሳምንት ተመርመሪ፣ ከሦስት ወር በኋላም ድገሚው። የላቦራቶሪውን ወረቀት ራሱን ላኪልኝ፣ የነጭ የደም ሴሉን ቁጥር በዓይኔ ልየው። እጅሽ ላይ ያለችው ቀይ ነገር ድና እንደሆነ ንገሪኝ። እየበላሽ ነው? ፀጉርሽስ?

ሌላ ሰው የለኝም።

ሻለቃ